ከፊት የሮጠው ምን ይገባዋል?

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት በባሕር ዳር የነበርን ሰዎች ቀኑን በደስታ ጀምረን በትካዜ ፈጸምነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ጧት በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ፣ የክረምቱ ጭቃም የፍልሰታ ጾምም ሳያግደን ጎረቤት ከጎረቤት «እንኳን ደስ ያለህ» ተባብለናል። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ የሴቶችን የ1500 ሜትር ፍጻሜ ለማየት በአንዲት ጎረቤታችን ቤት ተሰበሰብን።

ሽጉጡ እንደ ተተኮሰ ጉዳፍ ፀጋይ ከፊት ወጣች። በእንዲህ ያለ ፍጻሜ ሯጮች ብዙውን ጊዜ እርስ በርስ እየተያዩ፣ አንዷ ሌላዋን እየጠበቀች የመጀመሪያውን ዙር በዝግታ ይጨርሳሉ፤ እርስዋ ግን ማንንም አልጠበቀችም። ከኋላዋ ኬንያዊቷ ፌዝ ኪፕዬጎን፣ የአገራችን ልጅ ድርቤ ወልተጂ፣ አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ሀል፣ እንግሊዛዊቷ ጆርጂያ ቤልና ሌሎቹም ተከታትለው ሄዱ። ውድድሩ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ኪፕዬጎን አልፋት ሄደች። ቀጥሎ ሌላዋ አለፈቻት፤ ከዚያም ሌላዋ። ኪፕዬጎን በ3 ደቂቃ ከ51.29 ሰከንድ አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግባ አሸነፈች፤ ሀል ሁለተኛ፣ ቤል ሦስተኛ፣ ድርቤ አራተኛ ሆኑ። አብዛኛውን መንገድ እየመራች የሄደችው ጉዳፍ 12ኛ ሆና ገባች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ የቤቱ እመቤት፤ ንግግራቸው የኀዘን እንጂ የፌዝ አልነበረም። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ግን ቆረጥ አድርጎ «ሞኝ ናት» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። እኛም «እውነትህን ነው» ልንለው ቃሉ ከአፋችን ሊወጣ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ያልወጣበት ምክንያት አንድ የቆየ ነገር በድንገት ስለ ታወሰን ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ በልባችን ሲመላለስ ቆይቷል። ከፊት ሆኖ የሮጠ፣ ነገር ግን ያላሸነፈ ሰው ከሌሎቹ የሚገባው ነገር አለን? ወይስ ዕጣው ያው የተጻፈለት ቁጥር ብቻ ነው?

ጥያቄው የስፖርት ወዳጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስላቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። እንዲታገሡን እንለምናለን።

የ1500 ሜትር ውድድር ሦስት ዙርና ሦስት መቶ ሜትር ነው። ርዝመቱ ለፈጣን እግር ብቻ እንዳይሆን ይረዝማል፤ ለብርቱ ሳንባ ብቻ እንዳይሆን ደግሞ ያጥራል። ስለዚህ ከእግርና ከሳንባ ባልተናነሰ የልብ ውሳኔ ይጠይቃል። በየአገሩ በገንዘብ ሽልማት በሚካሄዱ ውድድሮች አሯሯጭ የሚባሉ ሰዎች ተቀጥረው የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ከፊት ይሮጣሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከመሙ ይወጣሉ፤ ክፍያቸውንም ይቀበላሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመሙ ጠርዝ ላይ ፍጥነትን የሚያመለክቱ መብራቶችም ተጨምረዋል። በሻምፒዮና ግን ይህ ሁሉ የለም። ከፊት እንዲሮጥ የተቀጠረ ሰው የለም፤ ከፊት ሁን ብሎ የሚያዝዝ ሕግም የለም። በመነሻው መስመር ላይ የቆሙት ሁሉ አንድ ሰው መምራት እንዳለበት ያውቃሉ፤ ያ አንድ ሰው ራሳቸው እንዲሆኑ ግን አይፈልጉም።

ይህ አለመፈለግ ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ታይቷል። የወንዶችን 1500 ሜትር አሜሪካዊው ማቲው ሴንትሮዊትዝ በ3:50.00 አሸነፈ፤ ይህም ከ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወዲህ ከተመዘገቡት የአሸናፊ ሰዓቶች ሁሉ ዝግተኛው ነበር። እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው ብናልፍ ትክክል የማይሆን ነገር አለ፤ ሴንትሮዊትዝ አብዛኛውን ውድድር ከፊት ነበረ። ነገር ግን ከፊት መሆንና ከፊት መሮጥ አንድ አይደለም። እርሱ ከፊት ሆኖ መንገዱን ያዘው እንጂ ፍጥነቱን አልተሸከመም፤ ሌሎቹም በዚህ ተስማምተው ተከተሉት። በዚያው ኦሊምፒክ በሴቶቹ በኩል ገንዘቤ ዲባባ ነበረች። ከአንድ ዓመት በፊት በሞናኮ 3:50.07 በመሮጥ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዛለች፤ ከዚያም በቤጂንግ የዓለም ሻምፒዮና በዝግታ የጀመረውን ፍጻሜ በ4:08.09 አሸንፋለች። በሪዮም አጀማመሩ እንደ ቤጂንጉ የዘገየ ነበር። ዝግታውን ሰብራ ሩጫውን ወደ እውነተኛ ሩጫ የለወጠችው ገንዘቤ ናት፤ ኪፕዬጎን ግን ተከትላት ቆይታ በስተመጨረሻ አለፈቻትና በ4:08.92 አሸነፈች። ገንዘቤ በ4:10.27 ሁለተኛ ሆነች።

ለመሆኑ የሚከተል ሰው ከሚመራው የሚያገኘው ጥቅም ምንድን ነው? እንግሊዛዊው የሥነ ፍጥረተ አካል ሊቅ ግሪፊት ፒዩ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኤቨረስት ተራራ ከወጣው ጓድ ጋር የነበረው ሰው፣ በ1971 ባወጣው ጥናት ይህን ለክቶ ነበር። በመካከለኛ ርቀት ሩጫ ፍጥነት አንድ ሜትር ያህል ከፊተኛው ኋላ ሆኖ የሚሮጥ ሰው የአየሩ ተቃውሞ አብዛኛው ይቀርለታል፤ ከሚያወጣው ጉልበትም ከመቶ ስድስት ያህሉን ያተርፋል። ከመቶ ስድስት ለገበያ ሰው ትንሽ ትርፍ ነው። ሜዳልያ በመቶኛ ሰከንድ በሚለይበት ቦታ ግን ብዙ ነው። ከነፋሱም በላይ ሌላ ትርፍ አለ። የሚከተለው ፊተኛውን ያያል፤ ትከሻው ሲከብድ፣ እርምጃው ሲያጥር ይመለከታል። ፊተኛው ግን ከኋላው ያለውን አያይም፤ የእግር ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ዐሥር እግር ይሁን ሁለት እግር አያውቅም።

በጣና ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ የውሃ ወፎች ከሐይቁ ተነሥተው በሰልፍ ሲበሩ እናያለን። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት በሴኔጋል የሠለጠኑ ፔሊካኖችን የልብ ምት ለክቶ ነበር፤ በሰልፍ የሚበሩት ብቻውን ከሚበረው ይልቅ የልባቸው ምት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የሚከተል ወፍ ልቡ ያርፋል ማለት ነው። ወፎቹ በዚህ ነገር የሚከራከሩ አይመስለንም፤ ክርክሩ ለእኛ ለሰዎች የተተወ ነው።

አሁን ወደ ፓሪስ እንመለስ፤ በቴሌቪዥኑ ፊት ሳለን ያላስተዋልነው፣ በማግሥቱ ቁጥሮቹን ስናነጻጽር ያገኘነው ነገር አለና። ከዚያ ፍጻሜ በፊት የነበረው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ራሷ ኪፕዬጎን በቶኪዮ ያስመዘገበችው 3:53.11 ነበር። በፓሪስ ከዚህ ሰዓት በታች የገቡት አራት ሴቶች ናቸው። ድርቤ ወልተጂ በ3:52.75 የቀድሞውን ክብረ ወሰን አልፋ ሳለ ሜዳልያ አላገኘችም፤ ከነሐሱ የለያት 14 መቶኛ ሰከንድ ነበር። ከአራት ቀን በፊት በተካሄደው የወንዶች ፍጻሜም የኖርዌዩ ያኮብ ኢንገብሪግትሰን እንደ ጉዳፍ ከመጀመሪያው አንሥቶ እየመራ ሄዶ ነበር። በመጨረሻው ቀጥታ ኮል ሆከር፣ ጆሽ ከርና ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ አለፉት። ሆከር በ3:27.65 አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ያዘ። ኢንገብሪግትሰን በ3:28.24 አራተኛ ሆነ፤ ይህም ራሱ በቶኪዮ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ሰዓት ነው። ሰው ራሱን አሸንፎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

እነዚህ ሰዓቶች ከየት መጡ? የሯጮቹ ዝግጅት፣ የመሙ ጥራት፣ የጫማው ሥራ ሁሉ ድርሻ አለው። ነገር ግን በሪዮ እንደ ሆነው ማንም ሊመራ ባይፈልግ ኖሮ እነዚህ ሰዓቶች ከቶ አይገኙም ነበር። የኪፕዬጎን ክብረ ወሰን፣ የሀል ብር፣ የቤል ነሐስ፣ የድርቤም 3:52.75 በውስጣቸው የጉዳፍ እስትንፋስ አለባቸው። በውጤት ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ግን ይህን የሚገልጽ ዐምድ የለም።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ እንዲህ ሲል ይቃወመናል፦ «ጉዳፍ ከፊት የሮጠችው ለሌሎቹ ብላ ነውን? ለራስዋ ብላ አይደለምን?» ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ደግሞም እውነት ነው። ጉዳፍ ለኪፕዬጎን ክብረ ወሰን ልትሠራ አልተነሣችም። በመጨረሻው ዙር ከኪፕዬጎን ጋር በእግር ፍጥነት ከመለካካት ይልቅ ሁሉንም ከሩቅ ማድከም ይሻለኛል ብላ እንደ ሮጠች የአሯሯጧ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩጂን የዓለም ሻምፒዮና በዚሁ መንገድ ሮጣ በ3:54.52 የብር ሜዳልያ አግኝታለች። በ2025 በናንጂንግ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ3:54.86 ወርቁን ወስዳለች። እንግዲህ አንዱ መንገድ አንድ ጊዜ ብር፣ አንድ ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛነት፣ አንድ ጊዜ ወርቅ ሰጥቷታል። ልጁ «ሞኝ ናት» ያለው መንገዱን አይቶ ሳይሆን ፍጻሜውን አይቶ ነው፤ በናንጂንግ ቢያያት «ጎበዝ ናት» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው በዚህ አይፈርስም። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ ውለታ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ ውለታን ውለታ የሚያደርገው የሰጪው ፈቃድ እንደ ሆነ ያስተምራል። ሳያስብ የጠቀመንን፣ ወይም ለራሱ ሲል ያደረገው ነገር በአጋጣሚ የበጀንን ሰው የውለታ ባለዕዳዎቹ አይደለንም ይላል። በዋርካ ጥላ ያረፈ መንገደኛ ዋርካውን አያመሰግንም። በዚህ ሚዛን ብንሄድ ኪፕዬጎን ለጉዳፍ ምንም ዕዳ የለባትም፤ ሆከርም ለኢንገብሪግትሰን። እኛም ይህን አልካድንም። ብዙ ቀን ካሰብንበት በኋላ ግን የሚገባው ነገር ምስጋና ላይሆን ይችላል፣ ሌላ ስም ያለው ነገር ይሆናል ወደሚል አሳብ አዘነበልን። ወደዚህ ያደረሰን ከላይ ያቆየነው ያ የቆየ ነገር ነው።

በመምህርነት ባገለገልንባቸው ዓመታት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተማሪዎችን ሩጫ እናለማምድ ነበር። አንድ ዓመት በባሕር ዳር የትምህርት ቤቶች የ1500 ሜትር ውድድር ተደረገ፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ወደሚቀጥለው ውድድር ያልፋሉ። የእኛ ተማሪ ጥሩ እግር ነበረው። በዋዜማው ቀን ጠርተን እንዲህ ስንል መከርነው፦ «ከፊት እንዳትወጣ። ከቀትር በኋላ ከሐይቁ የሚነፍሰው ነፋስ ብርቱ ነው። አንድ ሰው ይወጣል፤ ሁልጊዜ የሚወጣ አይጠፋም። ከእርሱ ኋላ ተደበቅ፤ በመጨረሻው መታጠፊያ እለፈው።» ምክሩ ትክክል ነበር። ዛሬም ለልጅ የሚሰጥ ትክክለኛ ምክር ይመስለናል።

በእርግጥም አንድ ሰው ወጣ። ከሐይቁ ዳር ካለ ገጠር ትምህርት ቤት የመጣ፣ ኮንጎ ጫማ ያደረገ ቀጭን ልጅ ነበር። አሠልጣኝ ያለው አይመስልም። ከሽጉጡ ጀምሮ መራ። ወደ ሐይቁ በሚያቀናው ቀጥታ በዞረ ቁጥር ነፋሱ ሸሚዙን ከደረቱ ጋር ሲያጣብቀው እናያለን፤ የእኛው ልጅ ግን በጥላው ውስጥ እንዳለ ሰው ተዝናንቶ ይከተላል። ሁሉም እንደ መከርነው ሆነ። በመጨረሻው መታጠፊያ ተማሪያችን አለፈ፤ ሌሎች ሁለትም ተከትለውት አለፉ። ያ ልጅ አራተኛ ሆነ።

የእኛው ልጅ እየሳቀ ወደ እኛ መጣና «ጋሼ፣ ያን ሞኝ አዩት?» አለን። እኛም ሳቅን። በእጃችን የያዝነውን ስቶፕዎች አሳየነው፤ 4:24 ይላል። በልምምድ ከ4:31 ወርዶ አያውቅም ነበርና «ልፋታችን ፍሬ አፈራ» ብለን አቀፍነው። በዚህ መካከል ያ ባለ ኮንጎ ጫማ ልጅ እየተንገዳገደ አጠገባችን ደረሰ። ስቶፕዎቹን አይቶ ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ ስንት ገባሁ?»

«አራተኛ ነህ፤ አይዞህ።»

«ሰዓቴን ማለቴ ነው።»

ሰዓቱን አልያዝንም ነበር። ዳኞቹም ከሦስተኛ በኋላ የገባውን ሰዓት አልጻፉም። «አልያዝንልህም» አልነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» አለና ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ያ ሰባት ሰከንድ ከየት እንደ መጣ የገባን ብዙ ቆይቶ ነው። የእኛ ሥልጠና ከፊሉን ሰጥቶ ይሆናል፤ ከፊሉን ግን ያ ልጅ ከሐይቁ ነፋስ ላይ በደረቱ ገዝቶ ነው ያመጣው። እኛ ግን ሰባቱንም በራሳችን ስም ጻፍናቸው። ያ ልጅ ለተማሪያችን ውለታ ሊውል አልሮጠም፤ በሴኔካ ሚዛን ዕዳ የለብንም። ነገር ግን «ልፋታችን ፍሬ አፈራ» ስንል የተናገርነው ሙሉ እውነት አልነበረም። «ያን ሞኝ» ሲባልም አብረን ስንስቅ፣ በጉልበቱ የተጠቀምንበትን ሰው በዚያው አፍ አዋረድነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ እውነተኛነትን ከፍትሕ ጋር የተያያዘ ምግባር አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እውነት ለባልንጀራችን የሚገባው ነገር ነውና። እንደ እኛ አሳብ ከፊት ለሮጠው የሚገባው ነገር ስሙ ይህ ነው። ምስጋና ባይሆንም እውነቱ እንዲነገርለት ይገባዋል። አሸናፊው ያሸነፈበት ሰዓት እንዴት እንደ ተገኘ፣ ማን ነፋሱን እንደ ተቀበለ ሳይደበቅ ሊነገር ይገባል። ሜዳልያውን ማካፈል አይጠበቅም።

እንዲህ ስንል ከኋላ የሚከተሉትን ልንኰንን አይደለም። መከተል በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ብልሃትም ነው። አርስጣጣሊስ ድፍረትን በፍርሃትና ያለ ልክ በመዳፈር መካከል ያስቀምጠዋል፤ መካከሉ የት እንደ ሆነ ግን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ሁኔታው ይለያያል። የመጨረሻ ፍጥነት ያለው ሰው ቢጠብቅ አስተዋይ ነው። ያ ፍጥነት የሌለው ሰው ቢጠብቅ ግን ሽንፈቱን በጨዋነት መጠበቁ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ከሩቅ መነሣቱ መዳፈር አይባልበትም፤ ያለችው በር እርስዋው ብቻ ናትና። ይልቅስ የሚያስቸግረን ሌላ ልዩነት ነው። አንዱ ሯጭ ውድድሩን ለማንበብ ይጠብቃል፤ ሌላው ሰው እስኪያልቅለት ይጠብቃል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ እግራቸውም ሰዓታቸውም አንድ ነው። በቢሮም፣ በማኅበርም፣ በዕድርም ስብሰባ አስቸጋሪው ቃል ሳይነገር ሁሉም ጣራ ጣራ ሲያይ፣ አንዱ ተነሥቶ እስኪናገር የሚጠብቁት ሰዎች ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ ማን ሊያውቅ ይችላል? ራሳቸውም ሁልጊዜ የሚያውቁት አይመስለንም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሩጫን ምሳሌ አድርጎ ራስን ስለ መግዛት አስተምሯል፤ ነፋሱን ከፊት ሆኖ ስለሚቀበለው ሯጭ ግን ምንም አላለም። ብሎ ቢሆን ደስ ባለን።

በአገራችን ይህን ነገር የሚያውቅ አንድ ሥርዐት አለ፤ ወንፈል ይባላል። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ የሩዝ አረም ሲደርስ ገበሬዎች ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ማሳ በየተራ ያርማሉ። በወንፈል ማን ለማን ስንት ቀን እንደ ሠራ አይረሳም፤ ጽሕፈት የማያውቀው ገበሬ እንኳ በልቡ ቆጥሮ ይይዘዋል። ሯጮቻችንም በረጅሙ ርቀት ወንፈል ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ምሩጽ ይፍጠር ወርቁን ሲያገኝ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ አብረውት ነበሩ። መሐመድ በየተራው እየመራ ሠርቶ ነሐሱን አገኘ፤ ቶሎሳ አራተኛ ሆነ። በፓሪስም በሪሁ አረጋዊ፣ ሰለሞን ባረጋና ዮሚፍ ቀጀልቻ በተራ እየተፈራረቁ ሩጫውን አፍጥነውት ነበር። ወርቁን ግን ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26:43.14 ወሰደው፤ በሪሁ በ26:43.44 ብሩን አገኘ፤ ዮሚፍና ሰለሞን ስድስተኛና ሰባተኛ ሆኑ። የሦስቱ ወንፈል ሌላ ማሳ አረመ ማለት ነው። በ1500 ሜትር ግን ለወንፈል ጊዜ የለም፤ ተራ ሳይደርስ ውድድሩ ያልቃል። ስለዚህ በዚያ ርቀት ከፊት የሚወጣ ሰው የሚወጣው ብቻውን ነው፤ ቀኑን የሚቆጥርለትም የለም።

ነገር ግን መቁጠር ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። በዚያው ቅዳሜ ጧት ያሸነፈው ታምራት ቶላ ለውድድሩ የገባው ተጠባባቂ ሆኖ ነው፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ሲወጣ ነው ስፍራው የተገኘለት። በከተማችን የታምራትን ስም ያነሣ ሰው ሁሉ ያን ዕለት የሲሳይንም ስም ጨምሮ ያነሣ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ሲሳይ አንድም እርምጃ አልሮጠም፤ ሰዎች ግን ታሪኩን ሲያወሩ እርሱን አልዘለሉም። ያው ሕዝብ ማታ ለጉዳፍ ይህን ነፈጋት። ለምን እንደ ሆነ በትክክል መናገር አንችልም። ምናልባት ሲሳይ ባለመሮጡ የተሸነፈ ስላልመሰለ ይሆናል፤ የተሸነፈን ሰው ስም ማንሣት ከባድ ነው።

በማግሥቱ እሑድ ያን የጎረቤታችንን ልጅ በር ላይ አገኘነውና ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈን አሳየነው፤ የቶኪዮውን 3:53.11 ከላይ፣ የፓሪሶቹን አራት ሰዓቶች ከሥር። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተው። «አራተኛዋም የድሮውን ሰብራዋለቻ!» አለ። «አዎን» አልነው። እናቱ ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ኖሮ «ታዲያ ያቺ መንገዱን የጠረገችው ልጅ ናት እንጂ» አሉ። ልጁ አልመለሰም፤ ወረቀቱን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው። የባለ ኮንጎ ጫማውን ልጅ ታሪክ ለመንገር ያን ቀን ድፍረት አላገኘንም።

ያን ልጅ ከዚያ ወዲህ አላየነውም። በዚያ ዓመት የውጤት መዝገብ ላይ የሦስት ልጆች ስም ብቻ አለ፤ ሌላ የምንጠይቅበት ቦታ የለንም።

ባለፈው ዓመት እንደ ገና በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ተገኘን፤ አሁን የምናሠለጥነው ልጅ የለንም። ስቶፕዎቻችንንና አንድ ደብተር ይዘን በመጨረሻው መስመር አጠገብ ቆመን፣ የገቡትን ሁሉ ሰዓት እስከ መጨረሻዋ ድረስ እንጽፍ ነበር። ዳኛው በመገረም አየንና ትቶን ሄደ። በልጃገረዶቹ 1500 ሜትር አንዲት አጭር ልጅ ሁለት ዙር ተኩል መርታ፣ በመጨረሻው ቀጥታ አራት አልፈዋት አምስተኛ ሆና ገባች። ሣሩ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ ልጆቹ ሰዓታቸውን ከእኛ ሲጠይቁ አይታ መጣች። «5 ደቂቃ ከ21» አልናት። እስክሪብቶአችንን ተውሳ በመዳፏ ላይ ጻፈችውና እጇን እያየች ወደ ጓደኞችዋ ሄደች።